ፓወሩ ከፍ ያለ ትሪኖሚያል ሲገጥምሽ መጀመሪያ ፓወሮቹን አንብቢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሀ² + 5ሀ + 6 ዓይነቱን ትሪኖሚያል (በመደመርና በመቀነስ የተያያዙ ሦስት ተርሞች፣ ማለትም ክፍሎች፣ ያሉትን) ያለ ችግር ትሠሪያለሽ። ሀ⁴ − 13ሀ² + 36 ሲመጣ ግን፣ መምህርሽ "ተኪ" ቢልሽም፣ ከየት እንደሚጀመር ይጠፋብሻል። እንደምንም ብትጨርሺም መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው መልስ ካንቺ መልስ የበዙ ቅንፎች አሉት። ሀ⁴ + ሀ² + 1ን ደግሞ ብዜታቸውም ድምራቸውም 1 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ስላጣሽለት "ፋክተር የለውም" (ወደሚባዙ ቅንፎች አይከፋፈልም) ብለሽ ተውሽው፤ መጽሐፉ ግን ፋክተር አድርጎታል።

ሦስቱ የተያያዙ ናቸው። ተማሪዎችን አልጀብራ ሳስጠና ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰው የሚቆመው ሁልጊዜ እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው። መልሴ ስለሚረዝም እርሳስና ወረቀት ይዘሽ አንብቢው። ተለዋዋጩን "ሀ" ብዬዋለሁ።

ቁጥሮቹን ለጊዜው ተያቸውና ፓወሮቹን ብቻ አንብቢ። በሀ⁴ − 13ሀ² + 36 ላይ ፓወሮቹ 4፣ 2፣ 0 ናቸው (36 ከሀ ጋር ስላልተባዛ ፓወሩ 0 ነው)። የመጀመሪያው የመካከለኛው እጥፍ ነው። ሀ⁶ − 9ሀ³ + 8 ደግሞ 6፣ 3፣ 0 ነው። ሀ¹⁰ + 3ሀ⁵ + 2 ብትይ 10፣ 5፣ 0። ይህ እጥፍነት ካለ ፊትሽ ያለው ያው የምታውቂው ኳድራቲክ (ትልቁ ፓወሩ 2 የሆነው) ነው፤ ሀ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ሀ²፣ ሀ³ ወይም ሀ⁵ ተቀምጧል፣ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ሀ⁴ + 5ሀ + 6 ግን 4፣ 1፣ 0 ነው። እጥፍነት የለውም፤ 5 እና 6ን አይተሽ ወደ 2 እና 3 ብትሮጪ የትም አያደርስሽም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዓይኑ ቀድሞ ኮፊሸንቶቹ (ከሀ ጋር የተባዙት ቁጥሮች) ላይ ያርፋል፣ እጁም ወዲያው ቅንፍ መጻፍ ይጀምራል።

ፓወሮቹን ከማንበብ እንኳ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ የጋራ ፋክተር ማውጣት። ይህን መልመጃ ተመልከቺ፦

3ሀ⁷ − 39ሀ⁵ + 108ሀ³

7፣ 5፣ 3። 7 የ5 እጥፍ አይደለም፣ ስለዚህ ኳድራቲክ አይመስልም። ነገር ግን ሦስቱም ተርሞች ውስጥ 3ሀ³ አለ። አውጪው፦

3ሀ³(ሀ⁴ − 13ሀ² + 36)

ቅንፉ ውስጥ የቀረው ያንቺው ጥያቄ ነው። የጋራ ፋክተር ሳይወጣ ሲቀር የፓወሮቹ ቅርጽ ይደበቃል፣ ቁጥሮቹም ያለ አግባብ ይገዝፋሉ። 108ን በ3 አባዝቶ የ324ን ፋክተሮች ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት የጨረሰ ተማሪ አይቻለሁ፤ 3ን ቢያወጣ ኖሮ የሚቀረው 36 ብቻ ነበር።

አሁን "ተኪ" ወደሚልሽ መምህርሽ እንምጣ። ምክሩ ትክክል ነው፣ መቼ እንደሚተካ ብቻ አልተነገረሽም፦ እጥፍነቱን ያየሽ ጊዜ ነው። የመካከለኛውን ተርም ተለዋዋጭ ክፍል፣ እዚህ ሀ²ን፣ "መ" በይው። ያኔ ሀ⁴ ማለት መ² ነው።

መ² − 13መ + 36 = (መ − 4)(መ − 9)

ከዚያ መ ወደ ሀ² ይመለሳል፦ (ሀ² − 4)(ሀ² − 9)። "መ = ሀ²" የሚለውን ከሥራሽ በላይ በጉልህ ጻፊው። በፈተና ጥድፊያ ውስጥ መ ሳይመለስ ይቀርና (ሀ − 4)(ሀ − 9) ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ስህተት በማመሳከሪያ ልትይዢው ትችያለሽ፤ የትኛውን ቁጥር እንደምትመርጪ ግን ተጠንቀቂ። አብዛኛው ሰው ሀ = 1ን አስገብቶ ያያል፣ ቀላል ስለሆነ። ሞክሪው፦ 1 − 13 + 36 = 24። የተሳሳተው መልስም (1 − 4)(1 − 9) = 24። ተስማማ! 1 በየትኛውም ፓወር ቢነሣ ያው 1 ስለሆነ የፓወር ስህተትን ፈጽሞ አያሳይም። ሀ = 2ን አስገቢ፦ 16 − 52 + 36 = 0፤ የተሳሳተው ግን (2 − 4)(2 − 9) = 14። ወዲያው ተጋለጠ። ስለዚህ ለከፍተኛ ፓወር ማመሳከሪያሽ 2 ወይም 3 ይሁን፣ 1 አይሁን። መተካቱን ከለመድሽው በኋላ መን መጻፍ ትተሽ በቀጥታ (ሀ² − 4)(ሀ² − 9) ትያለሽ፤ ግን ራሱ እስኪተውሽ ድረስ አትቸኩዪ።

የመጀመሪያው ኮፊሸንት 1 ባይሆንም አሠራሩ ያው ነው። 6ሀ⁴ − 7ሀ² − 3 ላይ 6 × (−3) = −18። ብዜታቸው −18፣ ድምራቸው −7 የሆኑት −9 እና 2 ናቸው።

6ሀ⁴ − 9ሀ² + 2ሀ² − 3 = 3ሀ²(2ሀ² − 3) + 1(2ሀ² − 3) = (3ሀ² + 1)(2ሀ² − 3)

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ መጽሐፉ ለምን የበለጡ ቅንፎች እንዳሉት። ከኳድራቲክ ጋር የለመድነው ልማድ ሁለት ቅንፍ ሲገኝ ሥራው አለቀ የሚል ነው። እዚያ እውነት ነው፤ ሀ + 2 እና ሀ + 3 ከዚያ በላይ አይከፋፈሉም። እዚህ ግን ያገኘሻቸው ቅንፎች ራሳቸው ኳድራቲክ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ሀ² − 4 የሁለት ካሬዎች ልዩነት ነው፣ ሀ² − 9ም እንዲሁ። የ3ሀ⁷ − 39ሀ⁵ + 108ሀ³ ሙሉ መልስ ይህ ነው፦

3ሀ³(ሀ − 2)(ሀ + 2)(ሀ − 3)(ሀ + 3)

ዲግሪውን (ትልቁን ፓወር) ቁጠሪ፦ 3 ከሀ³፣ 4 ከአራቱ ቅንፎች፣ ድምሩ 7። ከጥያቄው ዲግሪ ጋር ካልገጠመ የጠፋ ነገር አለ ማለት ነው።

እያንዳንዱን ቅንፍ "አንተስ ትከፋፈላለህ?" ብለሽ ጠይቂው። ሀ⁸ − 17ሀ⁴ + 16 ይህን በደንብ ያሳያል። መጀመሪያ (ሀ⁴ − 1)(ሀ⁴ − 16) ይሆናል። ሁለቱም የካሬዎች ልዩነት ናቸው፦ (ሀ² − 1)(ሀ² + 1)(ሀ² − 4)(ሀ² + 4)። ከእነዚህ ሁለቱ እንደገና ይከፋፈላሉ፦

(ሀ − 1)(ሀ + 1)(ሀ² + 1)(ሀ − 2)(ሀ + 2)(ሀ² + 4)

ሀ² + 1 እና ሀ² + 4 እዚያው ይቆማሉ። ሀ ምንም ሪል ቁጥር ቢሆን ካሬው ከዜሮ አያንስም፣ ላዩ ላይ 1 ወይም 4 ተደምሮበት ዜሮ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ በሪል ቁጥሮች ፋክተር የላቸውም። 2ሀ² − 3 ደግሞ ሌላ ነው፤ በሙሉ ቁጥር ኮፊሸንት አይከፋፈልም፣ ስኩዌር ሩት ከተፈቀደ ግን ይከፋፈላል። መመሪያው "በሙሉ ቁጥር ኮፊሸንት" ይላል ወይስ "በሪል ቁጥሮች" የሚለውን ማንበብ ያለብሽ ለዚህ ነው። መልስሽ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ አንዳንዴ ልዩነቱ ከዚህ ብቻ የመጣ ነው።

ፓወሮቹ 6 እና 3 ሲሆኑ የምትደርሺው ኩቦች ላይ ነው። ሀ⁶ − 9ሀ³ + 8 = (ሀ³ − 1)(ሀ³ − 8)፣ ከዚያም በኩቦች ልዩነት ቀመር፣ ሀ³ − ለ³ = (ሀ − ለ)(ሀ² + ሀለ + ለ²)፦

(ሀ − 1)(ሀ² + ሀ + 1)(ሀ − 2)(ሀ² + 2ሀ + 4)

የሁለቱ ኳድራቲኮች ዲስክሪሚናንት (የመካከለኛው ኮፊሸንት ካሬ ሲቀነስ 4 × የመጀመሪያው ኮፊሸንት × የመጨረሻው ቁጥር) −3 እና −12፣ ከዜሮ በታች ነው፣ ስለዚህ በሪል ቁጥሮች እዚህ ይቆማል። የኩብ ቀመሮቹን በቃልሽ ካልያዝሽ አሁኑኑ ያዢያቸው፤ ስድስተኛ ዲግሪ ላይ ያለ እነሱ መሄድ አይቻልም።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል፣ ሀ⁴ + ሀ² + 1። ፓወሮቹ 4፣ 2፣ 0 ናቸው፣ ስለዚህ ተካሽ፦ መ² + መ + 1። ብዜታቸው 1፣ ድምራቸው 1 የሆኑ ሙሉ ቁጥሮች የሉም። እስከዚህ ድረስ ያደረግሽው ሁሉ ልክ ነው። ከዚህ ማለት የሚቻለው ግን "ሀ²ን እንደ አንድ ነገር ወስጄ አይከፋፈልም" ብቻ ነው። ፋክተሮቹ ውስጥ ሀ በነጠላ ፓወር ሊገባ ይችላል፣ መ ደግሞ ያንን ሊያሳይ አይችልም፤ ሀ² ውስጥ ያለውን ሀ ሸፍኖታልና።

ስለዚህ መን ትተሽ ወደ ሀ ተመለሺ። ሀ⁴ እና 1 ሁለቱም ፐርፌክት ስኩዌር ናቸው፣ የሀ² እና የ1 ካሬዎች። (ሀ² + 1)² ቢሆን ኖሮ መካከሉ 2ሀ² ይሆን ነበር። ያለን ሀ² ነው፤ አንድ ሀ² ጎደለ። ጨምሪውና መልሰሽ ቀንሺው፦

ሀ⁴ + 2ሀ² + 1 − ሀ² = (ሀ² + 1)² − ሀ²

የካሬዎች ልዩነት ሆነ፦

(ሀ² + ሀ + 1)(ሀ² − ሀ + 1)

አባዢውና እዪ፤ የሀ³ እና የሀ ተርሞች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የዘዴው ምስጢር ያ መጠፋፋት ነው። ጥያቄው ውስጥ ሀ³ እና ሀ ስለሌሉ፣ ወደ ሁለት ኳድራቲኮች ሲከፋፈል የሁለቱ መካከለኛ ኮፊሸንቶች ተቃራኒ ምልክት ይዘው መጠፋፋት አለባቸው። ከዚህ አንድ ፈጣን ፈተና ይወጣል። የሀ⁴ ኮፊሸንት 1 ሆኖ መጨረሻው ላይ ያለው ኮንስታንት ፐርፌክት ስኩዌር ከሆነ፣ የኮንስታንቱን ስኩዌር ሩት በ2 አባዢ፣ ከዚያ ላይ የሀ²ን ኮፊሸንት ቀንሺ። ውጤቱ ፐርፌክት ስኩዌር ከሆነ ይከፋፈላል። እዚህ 2 − 1 = 1፣ ይከፋፈላል።

ስኩዌር ሩቱን በአሉታዊ ምልክትም መሞከር አትርሺ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ሀ⁴ − 7ሀ² + 9 ላይ በ+3 ብትሄጂ 6 + 7 = 13፣ አይሆንም። በ−3 ግን −6 + 7 = 1፣ ይሆናል፦

(ሀ² − 3)² − ሀ² = (ሀ² − ሀ − 3)(ሀ² + ሀ − 3)

ሀ⁴ + 4ም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ መካከሉ 0 የሆነ ትሪኖሚያል አድርገሽ እዪው። 2 × 2 − 0 = 4 ስለሆነ (ሀ² + 2)² − 4ሀ² ይሆናል፣ ማለትም (ሀ² + 2ሀ + 2)(ሀ² − 2ሀ + 2)። ይህ በፈረንሳይዋ የሂሳብ ሊቅ በሶፊ ዠርማን ስም የሚጠራው ቀመር አንዱ መልክ ነው። "የካሬዎች ድምር ፋክተር የለውም" የሚለውን አባባል በጭፍን እንዳትይዢው የምለውም ለዚህ ነው፤ ለሀ² + 4 እውነት ነው፣ ለሀ⁴ + 4 ግን አይደለም።

"አይከፋፈልም" ብለሽ በመተውሽ ቅር አይበልሽ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1702 ላይብኒትዝ፣ ከካልኩለስ መሥራቾች አንዱ የሆነው፣ ሀ⁴ ላይ የአንድ ቁጥር አራተኛ ፓወር ሲደመርበት በሪል ቁጥሮች ወደ ሁለት ኳድራቲኮች አይከፋፈልም ብሎ አሳትሞ ነበር። ይከፋፈላል፦ ሀ⁴ + 1 ላይ 2ሀ² ጨምረሽ ብትቀንሺ (ሀ² + 1)² − 2ሀ² ይሆናል፣ 2 ደግሞ የ√2 ካሬ ነው። በሙሉ ቁጥር ግን አይከፋፈልም፣ 2 ፐርፌክት ስኩዌር ስላልሆነ።

ሀ⁴ + ሀ² + 1 መጽሐፍት ውስጥ የሚደጋገምበት ምክንያትም አለው። ሀ⁶ − 1ን በኩብ ከጀመርሽ (ሀ² − 1)(ሀ⁴ + ሀ² + 1) ላይ ትደርሻለሽ፣ ብዙ ሰውም እዚያ ይቆማል። በካሬ ከጀመርሽ ደግሞ (ሀ³ − 1)(ሀ³ + 1) ይሆንና አራቱም ፋክተሮች ወዲያው ይወጣሉ። ሁለቱ መልሶች አንድ መሆን ስላለባቸው ሀ⁴ + ሀ² + 1 የግድ መከፋፈል ነበረበት። ስድስተኛ ዲግሪ ላይ ካሬውም ኩቡም ሲቻል ካሬውን አስቀድሚ፣ ሥራው ይቀልልሻል።

ያንቺን ሀ⁴ − 13ሀ² + 36 በዚህ ፈተና እስቲ አሳልፊው። 36 ፐርፌክት ስኩዌር ነው። በ+6፦ 12 + 13 = 25፣ ፐርፌክት ስኩዌር። በ−6፦ −12 + 13 = 1፣ እሱም ፐርፌክት ስኩዌር። ስለዚህ (ሀ² + 5ሀ + 6)(ሀ² − 5ሀ + 6) ይሆናል፣ (ሀ² + ሀ − 6)(ሀ² − ሀ − 6)ም ይሆናል፣ ቀደም ብለን ያገኘነው (ሀ² − 4)(ሀ² − 9)ም ይሆናል። ሦስት የተለያዩ መልሶች ይመስላሉ። እስከ መጨረሻው ስትሄጂባቸው ግን ሦስቱም እነዚያው አራት ቅንፎች ላይ ይደርሳሉ፣ አራቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር በሦስት መንገድ ስለሚቻል ነው። ይህን በገዛ እጅሽ ሥሪው እባክሽ። ፋክተር ማድረግ ምን እንደሆነ ተማሪዎቼ በእርግጥ ሲገባቸው ያየሁት በዚህ ምሳሌ ነው፤ ከዚያ በኋላ "የኔ መንገድ ከመጽሐፉ ስለተለየ ተሳስቻለሁ" የሚለው ፍርሃት ይለቃቸዋል።

ሁለቱም ፈተናዎች ከወደቁ፣ ማለትም በመ ካልተከፋፈለ፣ በመጨመርና በመቀነስም ካልሆነ፣ በዚህ ቅርጽ ያለ አራተኛ ዲግሪ በሙሉ ቁጥር በፍጹም አይከፋፈልም። ሌላ የተደበቀ መንገድ የለም። ሀ⁴ + 3ሀ² + 1 ለምሳሌ፦ የመ ዲስክሪሚናንት 9 − 4 = 5፣ ፐርፌክት ስኩዌር አይደለም፤ 2 − 3 = −1፣ −2 − 3 = −5፣ አይሆንም። አበቃ፣ "አይከፋፈልም" ብለሽ በሙሉ ልብ ጻፊ።

እጥፍነት የሌላቸውስ? ለእነሱ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሀ³ − 7ሀ + 6 ላይ የኮንስታንቱን አካፋዮች፣ 1፣ 2፣ 3፣ 6ን በሁለቱም ምልክት አስገብተሽ ዜሮ የሚሰጠውን ፈልጊ። 1 ይሰጣል፦ 1 − 7 + 6 = 0። ስለዚህ ሀ − 1 ፋክተር ነው፣ ብታካፍዪው ሀ² + ሀ − 6 ይቀራል፣ እሱም (ሀ + 3)(ሀ − 2) ነው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ አልገፋበትም።

ሁለት ተለዋዋጭ ሲመጣ አትደንግጪ። ሀ⁴ − 5ሀ²ለ² + 4ለ⁴ ላይ ለን ለአፍታ ብትረሺው ሀ⁴ − 5ሀ² + 4 ነው፤ መልሱ (ሀ² − ለ²)(ሀ² − 4ለ²) ይሆናል፣ ሁለቱም እንደገና ይከፋፈላሉ። አንዳንዴ ደግሞ የሚተካው ሙሉ ቅንፍ ነው፦ (ሀ² + 3ሀ)² − 2(ሀ² + 3ሀ) − 8። እዚህ ቅንፉን በትኖ መጀመር ሥራ ማብዛት ነው። ሀ² + 3ሀን መ በይው፤ (መ − 4)(መ + 2)። ተመለሺ፦ (ሀ² + 3ሀ − 4)(ሀ² + 3ሀ + 2)፣ ከዚያ (ሀ + 4)(ሀ − 1)(ሀ + 1)(ሀ + 2)።

ለልምምድ መልመጃ ከመፍታት ጎን ለጎን ራስሽ መልመጃ ፍጠሪ። (ሀ² − 4) እና (ሀ² + 5)ን አባዢ፣ ሀ⁴ + ሀ² − 20ን አግኚ፣ ወረቀቱን አስቀምጪና በማግስቱ ፋክተር አድርጊው። (ሀ² + 3ሀ + 5)ን ከ(ሀ² − 3ሀ + 5) ጋር አባዢና ምን እንደሚወጣ እዪ፤ የመጨመርና የመቀነሱ ዘዴ ከየት እንደመጣ ከየትኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይነግርሻል። አምስትና ስድስት እንዲህ የሠራ ተማሪ፣ ጥያቄውን ሲያይ ጠያቂው እንዴት እንደሠራው መገመት ይጀምራል።

እስቲ እነዚህን ሞክሪያቸው፦

2ሀ⁵ − 20ሀ³ + 18ሀ
ሀ⁶ + 7ሀ³ − 8
ሀ⁴ − 11ሀ² + 1
ሀ⁴ − 10ሀ² + 1

ከአራቱ አንዱ በሙሉ ቁጥር አይከፋፈልም። የትኛው እንደሆነና ለምን እንደማይከፋፈል ከሥራሽ ጋር ለጥፊልን፤ የቆምሽበት ቦታ ካለም እስከዚያ ድረስ የሠራሽውን ጻፊው፣ ከዚያው እንቀጥላለን።